የጀርሲ ነገር

ስለራሳችን አስተዳደር ልጽፍ ተነስቼ ነበር። ከዚያ አሰብኩበትና ተውኩት፤ ዘመኑ የሩቅ አገር ታሪክ የሚነበብበት ነው። ስለዚህ እምድብር ቁጭ ብዬ የምጽፈው አሜሪካ ስለነበረችው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት፣ ስለ ኒው ጀርሲ ነው። እያነበበ ወልቂጤ ትዝ የሚለው፣ ቡታጅራ ውል የሚለው፣ ሆሳዕና ብልጭ የሚልበት ሰው ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው። የጀርሲ ዓመታት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ከእኛ ጋር እንዳይደባለቁ ብዬ ነው።

በ1664 የንጉሥ ቻርልስ ወንድም፣ የዮርክ መስፍን ጄምስ፣ በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን አገር ለሁለት ወዳጆቹ፣ ለበርክሌይና ለካርተሬት ሰጠ። አገሩ ባለቤት ነበረው። ሌናፔ ይባላሉ፤ የጠየቃቸው ግን የለም። ካርተሬት ጀርሲ ከምትባል ደሴት ስለነበረ አገሩ በደሴቷ ስም ተጠራ። የጀርሲ ላምም ዘሯ ከዚያችው ደሴት ነው፤ ነገሩ ከጥንስሱ ለማለብ የታሰበ ነበር ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ኒው ዮርክ የተቀመጠው አገረ ገዥ ኒኮልስ፣ መሬቱ ለሌላ መሰጠቱን ሳይሰማ፣ ለሰፋሪዎች የመሬት ወረቀት ያድል ነበር። አንድ ማሳ፣ ሁለት ወረቀት። ሰማንያ ዓመት አልፎም ክርክሩ አላለቀም፤ በ1745 የኒውአርክ ሰዎች በመሬት ጉዳይ የታሰረ ጎረቤታቸውን ከወህኒ ቤት በጉልበት አውጥተው ወስደዋል።

በርክሌይ ድርሻውን በ1674 በ1,000 ፓውንድ ሸጠ። ሁለት ዓመት ቆይቶ አገሩ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ምሥራቅ ጀርሲ፣ ምዕራብ ጀርሲ ተባለ። የምሥራቁ ከተማ ፐርት አምቦይ ሆነች፣ የምዕራቡ በርሊንግተን። (ስማችሁ ፊት «ምሥራቅ» የሚል ቅጥያ ተጨምሮ የሚያውቅ ከሆነ አጋጣሚ ነው።) ድንበሩን በ1687 ይለካ የነበረው ጆርጅ ኪት ከባሕሩ ተነስቶ አንድ ወንዝ ዳር ሲደርስ ሥራውን አቆመ፤ መስመሩ ለምሥራቁ አዳልቷል ተብሎ ነበርና። በእኔ ግምት ሁለቱም ወገን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጌቶቹ ይልቅ ጎረቤቱን ማማት ቀለለው። ጌቶቹም ይህንን የጠሉት አይመስለኝም።

ምዕራቦቹን ግን በአንድ ነገር እቀናባቸዋለሁ። ገና ሲሰፍሩ ኗሪው ራሱ የፈረመበት ሕግ ነበራቸው፦ ሰው በሃይማኖቱ አይነካም፣ አሥራ ሁለት ጎረቤቶቹ ሳይሰሙት አይፈረድበትም፣ ምክር ቤቱ በየዓመቱ በምርጫ ይሰየማል። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሎች የጆካ ላይ ተሰብስበው፣ ነፍስ ያጠፋውን ከሟች ወገን በጉርዳ መሐላ ሲያስታርቁ የኖሩበት ቂጫም ከዚህ የሚርቅ አይደለም፤ በቃል የወረደ ቢሆንም። የጆካን ያነሳሁት ለጌጥ ነው።

ከዚያ 1688 መጣ። ያው መስፍን አሁን ንጉሥ ጄምስ ተብሏል። ለጥበቃም ለግብርም ይመቻል ብሎ ማሳቹሴትስን፣ ፕሊመዝን፣ ኒው ሃምፕሸርን፣ ሮድ አይላንድንና ኮኔቲከትን ጠቅልሎ ነበርና፣ በዚህ ዓመት ኒው ዮርክንና ሁለቱን ጀርሲዎች ጨመረበት። ስሙ የኒው ኢንግላንድ ዶሚኒየን ተባለ። ይህን ሳነብላቸው አንድ ሽማግሌ አቋረጡኝ።

«ክላስተር ነዋ!»

«የለም አባቴ፣ ዶሚኒየን ነው።»

«እሱኑ ነው ያልኩህ።»

የጥቅሉ ገዥ ሰር ኤድመንድ አንድሮስ መቀመጫው ቦስተን ነበር። የተመረጠ ምክር ቤት ቀረ፤ ተሿሚዎች ይበቃሉ ተባለ። የኮኔቲከት ሰዎች ቀደም ብሎ ቻርተራቸውን እንዲያስረክቡ ሲጠየቁ፣ በስብሰባው መሃል ሻማው ጠፍቶ ሲበራ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ አልተገኘም፤ የወርካ ያህል የገዘፈ ዛፍ ውስጥ ደብቀውታል ይባላል። እምድብር መብራት በጠፋ ቁጥር ወረቀት ቢደበቅ ኖሮ ዛፉ ሁሉ መዝገብ ቤት በሆነ።

ጀርሲዎቹ ተጠቅልለው ዓመት ሳይሞላቸው፣ ሚያዝያ 1689፣ የቦስተን ሕዝብ አንድሮስን ይዞ አሰረው፤ ዶሚኒየኑም ፈረሰ። እዚህ ላይ ኅዳር 2011 የጉራጌ ዞን ምክር ቤት ምን ብሎ ወሰነ፣ ነሐሴ 2014 ወልቂጤ ሱቁን ሁሉ ዘግታ ለምን ጭር ብላ ዋለች፣ በ1993 ስልጤ በሕዝበ ውሳኔ ተጠይቆ ከጉራጌ ዞን ከወጣ ነሐሴ 2015 አዲሱ ክልል ውስጥ የገባውን ማን ጠየቀው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አይነሳም። እኛ ያለነው ቦስተን ነው።

በ1702 ባለርስቶቹ መግዛቱ ሰለቻቸውና ሥልጣኑን ለንግሥት አን አስረከቡ፤ መሬቱን ግን አላስረከቡም። (የምሥራቁ ባለርስቶች ማኅበር የፈረሰው በ1998 ነው፤ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የሠራ ኮሚቴ።) ሁለቱ ጀርሲዎች እንደገና አንድ ሆኑ። እንዳይጣሉ ታስቦም ምክር ቤቱ አንዴ ፐርት አምቦይ፣ አንዴ በርሊንግተን እየተዘዋወረ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ገዥው ደግሞ የኒው ዮርክም ገዥ ስለሆነ የሚኖረው እዚያ ነው። ቢሮን በየከተማው ማከፋፈል ፍትሐዊ ነው የሚሉ አሉ፤ ለከተሞቹ ይሆናል። ባለጉዳዩ ግን እንዲህ ሳይል የቀረ አይመስለኝም፦

ሹሙ መቀመጫ ሁለት አሰናድቶ፣
ጉዳዬ ቆመብኝ የሚቀመጥ አጥቶ።

የመጀመሪያው የጋራ ገዥ ሎርድ ኮርንበሪ ነበር። በ1707 ምክር ቤቱ የአቤቱታ ዝርዝር አነበበለት። ጉቦው አለበት፣ ከአገሩ መጥፋቱ አለበት። እኔን የያዘኝ ግን አንድ ትንሽ አንቀጽ ነው፤ የሟች ኑዛዜ የሚጸድቀው በርሊንግተን ባለው አንድ ቢሮ ብቻ ስለሆነ ሩቅ ያለው ሰው በወጪና በድካም አለቀ ይላል። አባቱን የቀበረ ልጅ ገና ሐዘን ሳይወጣ ለአንድ ማኅተም መንገድ ይመታል። ደርሶም ጸሐፊው ስብሰባ ላይ ነው ተብሎ ይሆናል፤ ይህን ታሪክ አልጻፈውም፣ እኔ ግን አላጣውም። ጀርሲ ውስጥ እምድብር የምትባል ከተማ ብትኖር ኖሮ ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ቁጭ ብላ ፋይል ያዘለውን ሰው ወዲያም ወዲህም ሲያልፍ ታየው ነበር። የጉራጌ መንገድ በጉራጌ መዋጮ መሠራት የጀመረው በ1950ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ነው። ያኔ ብር ያዋጣው ነጋዴ መንገዱ ዕቃ ማመላለሻ እንጂ ፊርማ መፈለጊያ ይሆናል ብሎ የገመተ አይመስለኝም።

ያንን አቤቱታ ካረቀቁት አንዱ ሉዊስ ሞሪስ ነው። ጀርሲ የራሷ ገዥ ይኑራት እያለ ዓመታት ተከራከረ፤ ለንደን ድረስ ሄዶ ደጅ ጠና። በ1738 ጥያቄው ተመለሰ፤ ጀርሲ ለብቻዋ ገዥ አገኘች፤ ገዥውም ራሱ ሞሪስ ሆነ። ወንበሩ ላይ እንደወጣ ከዚያው ሲሟገትለት ከኖረው ምክር ቤት ጋር ተጣላ፤ እነሱም ደመወዙን ያዙበት። በ1746 ውዝፉን ሳይቀበል ሞተ።

ሽማግሌው እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ሰሙኝ። ቡናቸውን አስቀምጠው፣

«እሱ ሰውዬ» አሉ፣ «ወረዳው የት ነው?»