መጣሁ ብሎ የሚሄድ ሰው

ጎንደር ፒያሳ አብሯችሁ ማኪያቶ ሲጠጣ የነበረ ሰው ብድግ ብሎ «አንዴ መጣሁ» ካለ፣ መሄዱ ነው። ጀርባውን ሰጥቶ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ አንድ እግሩ ከደጃፉ ወጥቶ «መጣሁ» ይላል። «መቼ ሄደህ ነው የመጣኸው?» ብሎ የሚሞግተው የለም። ሂሳቡን ግን የቀረው ይከፍላል።

አጭር ጊዜን ለመጥራት እንደኛ የተካነ ያለ አይመስለኝም። ወጣ ብሎ፣ ደረስ ብሎ፣ ገባ ብሎ፣ ብቅ ብሎ፣ አረፍ ብሎ እያልን የማናሳጥረው ነገር የለም። «ወጣ ብለዋል» የተባሉ ኃላፊ ከግቢው በር ላይ ሻይ እየጠጡ ሊሆን ይችላል፤ ባሕር ዳር የሦስት ቀን ስብሰባ ላይም ሊሆኑ ይችላሉ። ለባለጉዳዩ ሁለቱም «ወጣ» ነው። «ቆየት ብለህ ና» ይባላል። ቆየት ብሎ ሲመጣ «ነገ ጠዋት ብቅ በል» ይባላል። ፋይሉ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው፤ ፈራሚው ግን ገና ወጣ እንዳሉ ናቸው።

ስልክ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ደረጃ ወጥቶለታል። «ደረስኩ» ማለት ከአልጋ ተነሣሁ ማለት ነው። «መንገድ ላይ ነኝ» ያለው ጫማውን እየፈለገ ነው፤ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎንም ያው መንገድ ነዋ። «5 ደቂቃ» ያለው አዘዞ ቆሞ ሚኒባስ እየጠበቀ ነው። «2 ደቂቃ» ካላችሁ ግን ምሳችሁን እዘዙ። ሰውየው በራቀ ቁጥር ደቂቃውን እየቀነሰ ይሄዳል።

መናኸሪያ ስትገቡም የምታገኙት ይህንኑ ነው። የደባርቁ መኪና ረዳት «ሞልቷል! አንድ ሰው ብቻ! ልንወጣ ነው!» እያለ ይጮኻል። ያ የጎደለው አንድ ሰው ለመሆን እየሮጣችሁ ስትገቡ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ሾፌሩ ሞተር ያስነሣል፤ ተሳፋሪው ያማትባል። መኪናው ሁለት ክንድ ወደ ፊት፣ ሁለት ክንድ ወደ ኋላ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ረዳቱ ቁርስ ሊበላ ይወርዳል፤ ሲወርድ ምን እንደሚል ታውቁታላችሁ።

ሰፈር ውስጥም ያው ነው። ቸኩላችሁ በበር ስታልፉ እትዬ «አንድ ሲኒ ብቻ ቀምሰህ ሂድ፣ አሁን ይደርሳል» ይላሉ። የሚደርሰው ቡና ገና እየታጠበ ነው። አቦሉን ጠጥታችሁ ስትነሡ «ቶናውን ሳትጠጣ?»፣ ቶናውን ስትጠጡ «በረካውን ረግጠህ ልትሄድ?» ይመጣል። ይህኛውን እንኳ በፍቅር ነው ብለን እንለፈው።

ከወገራ አልፋችሁ ወደ ሰሜን ተራሮች ስትወጡ ግን የጊዜው ልክ ይለያል። አንዱን ገበሬ «ቀጣዩ መንደር ስንት ደቂቃ ያስኬዳል?» ብትሉት በአገጩ ማዶውን እያሳየ «እዚችው ናት» ይላል። የከተማ ሰው ይህን ሰምቶ የገጠሩ ሰው ጊዜ አያውቅም ብሎ ይስቃል። ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ ገበሬው የእንግዳውን ጫማ ቁልቁል አይቶ «በእኔ እግር ነው በእናንተ?» ብሎ ሲጠይቀው ይሰማ ነበር። በእርሱ እግር ቀትር ሳይሆን ይደረሳል፤ በእናንተ ግን ከብት መግቢያ ይሆናል። ሰዓት ያላሠረው ሰው የሚሄደውን እግር አይቶ ይገምታል። ባለስልኩ ሰዓቱን በመዳፉ ይዞ ይዋሻል።

ጊዜን መቁጠር አናውቅም እንዳይባል ደግሞ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አሉብን። እነርሱ ዘንድ አንዱ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው፤ አንዱ ኬክሮስ 60 ካልዒት ነው፤ እያለ በሳልሲት፣ በራብዒትና በሐምሲት እስከ ሳድሲት ይወርዳል። በዛሬው ሰዓት ሲመነዘር ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ ካልዒት 24 ሰከንድ ነው። ሳልሲት ላይ ሲደረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ሊቃውንቱ ይህን ያህል ከሸነሸኑት፣ የኛ «5 ደቂቃ» ከወዴት ተወልዶ ነው ግማሽ ቀን የሚሆነው?

ቀጠሮ ማክበርም አቅቶን አይደለም። ጥር 11 ቀን ሌሊት ወደ ፋሲል መዋኛ ውረዱ። «2 ደቂቃ» ሲል የከረመው ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ጎህ ሳይቀድ ቦታ ይዞ ታገኙታላችሁ። «መጣሁ» ስላለ ታቦት እንደማይጠብቀው ያውቃል። ቀብርም ላይ አያረፍድም፤ የዕድሩ ጸሐፊ ስም ይጠራል፣ የቀረም ይቀጣል። የቅጣቱ ብር ትንሽ ቢሆንም ደቂቃን ልክ የማስገባት ኃይሉ ግን ትልቅ ነው።

እንግዲህ ደቂቃችን የሚለጠጠው ጠባቂው ሌላ ሰው ሲሆን፣ ቅጣትም ሲጠፋ ነው። እኛው ጠባቂ ስንሆን «የአበሻ ቀጠሮ!» ብለን አገሩን በሙሉ እንወቅሳለን። ስናስጠብቅ ደግሞ «አንዴ» እና «አሁን» የሚባሉትን ቃላት ጣል አድርገን ከተጠያቂነት እንወጣለን።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ለሚጠብቅህ ሰው ደቂቃውን ተውና ያለህበትን ንገረው። አዘዞ ከሆንክ «አዘዞ ነኝ» በል። ካልተነሣህም «ገና አልተነሣሁም» በል። ቁርጡን ያወቀ ሰው ሥራውን ይሠራል፣ ሌላ ሻይም ያዛል። ማርፈድ በማንም ይደርሳል፤ ነውሩ ሰውን በ«ደረስኩ» ደጅ ማስጠናት ነው።