ቪዲዮው ያልቃል፣ ተማሪው አይገባውም

የተከበሩ መምህር፦ ትምህርት ቤትዎ ፕሮጀክተር ገዝቷል፤ ዳይሬክተሩም በስብሰባ ላይ «ከእንግዲህ በቴክኖሎጂ ነው» ብለዋል። ዲላ ከተማ ቢሆኑ፣ ቡሌ ብርድ ላይ ቢሆኑ፣ ወናጎ ወይም ገደብ ቢመደቡ ይህ ምክር ለእርስዎ ነው። ከተከተሉት ክፍለ ጊዜው ያልፋል፣ ሪፖርቱ ያምራል፣ ተማሪውም እንደ ገባ ይወጣል።

ከሁሉ በፊት ቪዲዮውን አስቀድመው አይዩት። አስቀድሞ ያየ መምህር ይበላሻል። የሚፈልገው ነገር ሰባተኛው ደቂቃ ላይ እንደሚጀምር ያውቅና በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል፤ ሦስት ደቂቃ አሳይቶ ይዘጋል። የቀረውን ጊዜ ታዲያ በምን ሊሞላው ነው? በማስተማር? እርስዎ ክፍል ከገቡ በኋላ ርዕሱን ዩቲዩብ ላይ ይጻፉና መጀመሪያ የመጣውን ይክፈቱ። የአቅራቢው ረጅም ሰላምታ፣ የ«ሰብስክራይብ አድርጉ» ልመና፣ መሐል ላይ ዘው የሚለው ማስታወቂያ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይመጣል። 60 ተማሪ ቅጠል ምግቡን እንዴት እንደሚሠራ ሊማር ተቀምጦ ስለ አዲስ የስልክ ቀፎ አውቆ ቢወጣ፣ ያም ዕውቀት ነው።

ማታ አውርዶ በፍላሽ ይዞ መምጣት ደግሞ የፈሪ ሥራ ነው። ቪዲዮ የሚጥመው በቀጥታ ከኔትወርክ ሲመጣ ነው፤ ያውም በራስዎ ስልክ፣ በራስዎ ፓኬጅ፣ ረፋድ ላይ ሁሉም ሰው መስመሩን በያዘበት ሰዓት። ምስሉ ቀጥ ብሎ ክቧ መሽከርከር ስትጀምር የክፍሉን ዝምታ ልብ ይበሉ። ተማሪ እንዲህ በተመስጦ ሰሌዳ አይቶ አያውቅም። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ፌስቡክ ያለ ቪፒኤን አልከፈት ብለው እንደነበር ያስታውሳሉ። በቴሌግራም ያገኙትን ፋይል ቀደም ብለው አውርደው ያስቀመጡ አንዳንድ መምህራን ያን ጊዜም ሥራቸውን ቀጥለዋል። ከእነሱ ጋር አይዋሉ፤ «ኔትወርክ የለም» የምትለውን የመሰለች ምክንያት ያሳጡዎታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥበብ እንምጣ። ይህን ጥበብ እኛ አልፈጠርነውም፤ ወርሰነው ነው። በ1997 የትምህርት ዘመን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲተከል፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት እየመጣ ከአዲስ አበባ እስከ ጠረፍ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉ የቴሌቪዥኑ ነው። መምህሩ መግቢያ ላይ አምስት ደቂቃ፣ ማሳረጊያ ላይ አምስት ደቂቃ ተፈቅዶለት መሐሉን ግድግዳ ተደግፎ ያሳልፋል። አስተማሪዋ ከስክሪኑ ውስጥ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ሰከንድ ትቆጥራለች፣ ክፍሉ መለሰም አልመለሰም ትቀጥላለች። የኬሚስትሪ ዲግሪውን ይዞ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው ሥራው ማብራትና ማጥፋት ሆነ። መብራት የሄደ ቀን ያቺ ትምህርት አለፈች፤ ነገ የሚመጣው ቀጣዩ ነው። የዛሬ መምህራን ብዙዎቹ በዚያ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ያደጉ ስለሆኑ ግድግዳ መደገፉን ማንም ማሠልጠን አያስፈልገውም።

የፕላዝማው መምህር ግን እኛ ያልታደልነው አንድ ማመካኛ ነበረው፦ ሥርጭቱ አይቆምም። ቢፈልግስ እንዴት አድርጎ? የእርስዎ ፈተና የከበደ ነው። ስክሪኑ ላይ ሁለት ቋሚ መስመሮች ያሏት ትንሽ ምልክት አለች። በስህተት እንኳ ከነኳት ሰውየው አፉን እንደ ከፈተ ይቆማል፤ ክፍሉ ወደ እርስዎ ይዞራል፤ እርስዎም ሳያስቡት «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ይላሉ። አንዷ ትመልሳለች፣ ከኋላ ወንበር አንዱ ይቃወማታል፣ ሦስተኛው «ቲቸር፣ ወደ ኋላ መልሱልንማ» ይላል። አለቀ፤ ትምህርት ተጀመረ ማለት ነው። ስለዚህ ቪዲዮውን ከከፈቱ በኋላ ከላፕቶፑ ራቅ ብለው ይቁሙ፣ እጅዎንም ኪስዎ ይክተቱ።

ቋንቋውን በተመለከተ የጥንቱን ሥርዓት ይጠብቁ። በታችኛው ክፍል በጌዴኡፋ የተማረ ልጅ እንግሊዝኛን በአንድ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፍጥነት ቢሰማ ጆሮው ይጠነክራል። ዩቲዩብ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ አለው፤ ብዙ ጊዜም የሚነገረውን ከሥር ጽፎ ያሳያል፤ ሁለቱንም እንዳላዩ ይለፏቸው። ድምፁን ዘግቶ ምስሉን ብቻ እያሳዩ በአማርኛም በጌዴኡፋም ማስረዳት እንደሚቻል የሚያውቅ ባልደረባ ካለዎት ምሥጢሩን እንዲይዝ ይለምኑት።

የቪዲዮው ይዘት ከሩቅ አገር ቢሆን ይመረጣል፤ በረዶ ካለበት ደግሞ እሰየው። ስለ ጥምር እርሻ ሲያስተምሩ የአማዞንን ደን ያሳዩና መስኮቱን ይዝጉ፣ መጋረጃ ከሌለ ካርቶን ይለጥፉ። ለፕሮጀክተሩ ጨለማ ያስፈልጋል ይበሉ። እውነተኛው ሥጋት ግን ሌላ ነው፦ ከውጭ ተዳፋቱ ላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና ተደራርበው ይታያሉ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው በዚሁ ነው። እንሰቱ ባይኖር ያ አፈር በአንድ ክረምት ወዴት እንደሚሄድ ከአባቷ ጋር ስትተክል ያደገች ልጅ ከእርስዎ አብልጣ ልታስረዳ ትችላለች፤ ያን ጊዜ አማዞን ምን ይሁን?

የታሪክ መምህር ከሆኑ የእንግሊዙን ስቶንሄንጅ ያሳዩ። እዚሁ ጌዴኦ ውስጥ ጨልባ ቱቲቲ ላይ ከሺህ በላይ ትክል ድንጋዮች አሉ፣ ቱቱ ፈላም አለ፤ ነገር ግን እዚያ ለመድረስ መኪና እንጂ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ስለዚህ ዘመናዊ አይባልም። ተማሪዎች በስልካቸው ራሳቸው ቪዲዮ እንዲሠሩ የሚለው ሐሳብ ውል ካለብዎ ቶሎ ይባረር። አንዱ የሽማግሌዎች መሰብሰቢያ የሆነው ሶንጎ ድረስ ሄዶ ሽማግሌ ሲናገር ይቀርጻል። ሌላዋ እናቷ እንሰት ፍቃ ጉድጓድ ስትቀብር፣ ከሳምንታት በኋላም ስታወጣ ቀርጻ ትመጣለች። የይርጋጨፌ ልጅ ደግሞ እሸት ቡና ተፈልፍሎ ገንዳ ውስጥ ሲያድር፣ የሚያሙለጨልጨው ልባስ በረቂቅ ሕዋሳት ተበልቶ ሲለቅ አሳይቶ «ቲቸር፣ መጽሐፉ ፈርመንቴሽን የሚለው ይሄን ነው እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። እርስዎ ደግሞ የፈረንሳይ ወይን ፋብሪካ ቪዲዮ አዘጋጅተው ነበር። ምን ዓይነት ኀፍረት ነው!

ነፃ የሚባሉት መሣሪያዎችም የራሳቸው አያያዝ አላቸው። ፌት የተባለውን፣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረውን የቤተ ሙከራ ማሳያ ይውሰዱ። ሽቦና አምፖል እያገናኙ የኤሌክትሪክ ዑደት መሥራት ያስችላል፤ በእውን የሚቃጠል ነገር የለም። ጥፋቱ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነው። ጂኦጂብራም ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ እንደዚያው ነው። ኮሊብሪ የሚባለው ደግሞ ይባስ ብሎ ከአንድ ላፕቶፕ በክፍሉ ውስጥ ብቻ በሚሠራ ዋይፋይ ለተማሪዎች ቪዲዮና መልመጃ ያድላል። እነዚህን ካወቁ በኋላ የሚያመካኙበት ስለማይኖርዎት በስም ብቻ ቢያውቋቸው ይበቃል። የግድ ከሆነ ማውሱን ራስዎ ይያዙ። ተማሪ አምፖሉን ይነካና «ሁለት ባትሪ ባደርግስ?» ይላል፤ ያደርጋል፤ የኦም ሕግ በራሱ እጅ ይገባዋል፤ ከዚያ የእርስዎ 12 ገጽ ማስታወሻ ማን ይገለብጠዋል?

ፈተና በኦንላይን ፎርም ይስጡ፤ ስማርት ስልክ ያለው ይሙላ፣ የሌለው ካለው ጎን ይቀመጥ። በአንድ ለአምስት ተደራጅተዋል ተብሎ ይጻፋል። ከገጠር ቀበሌ እየተመላለሱ የሚማሩት ስልክ ባይኖራቸውም በጥሩ ጎኑ ይዩት፤ የሚታረም ወረቀት ይቀንሳል።

ሪፖርቱ አጭር ይሁን። ፕሮጀክተሩ በርቶ፣ ተማሪዎቹ ቀና ብለው፣ እርስዎ ከፊት ቆመው አንድ ፎቶ። ክቧ እየተሽከረከረች ቢሆንም ግድ የለም፤ በፎቶ አትንቀሳቀስም። ሱፐርቫይዘሩ የሚጠይቁት ስንት ክፍለ ጊዜ በቴክኖሎጂ እንደታገዘ ነው፤ በየትኛዋ ደቂቃ ላይ ስንቱ ልጅ እንደ ጠፋበት የሚሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም።

የቀረው መብራት ነው። መሄዱ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ደግሞ ነገሩ ሊገባ ሲል ነው። ክፍሉ ይጨልማል፣ ካርቶኑ ከመስኮት ይነሣል፣ ከፊት ወንበር ያለችው «ቲቸር፣ ከዚያስ?» ትላለች። ጠመኔ በአቅራቢያዎ ካለ ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ መሣል ሊቃጣዎት ይችላልና ፓኬቱ በዲፓርትመንት ተጠሪው ቁም ሣጥን ተቆልፎ ይዋል፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ዲላ ገበያ መውጣቱንም አስቀድመው ያረጋግጡ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው መብራቱ ከተመለሰ ቪዲዮውን ከሰላምታው ይጀምሩት።