እንኳን ከሰሳችሁን!

ፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሰው የቀጠሮን ነገር ያውቃል። ዳኛው አልተሟላም፣ መዝገቡ አልተገኘም፣ ጠበቃው አሞታል፣ ከክረምት በኋላ ይምጡ። ቴክሳስ ለዚህ ሁሉ መድኃኒት አግኝታለች። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 2025 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ግዛቲቱን ከሰሰ። ወረቀት የሌላቸው፣ ግን እዚያው ያደጉ ተማሪዎች በመንግሥት ኮሌጆች የነዋሪ ክፍያ እንዲከፍሉ የሚፈቅደው ሕግ ይሻር ነው ክሱ። ተከሳሿ ቴክሳስ በዋና ዐቃቤ ሕጓ በኬን ፓክስተን በኩል ከሳሽ ልክ ነው፣ ይፈረድብኝ አለች። ዳኛ ሪድ ኦኮነርም ያንኑ ዕለት ፈረዱ። ሃያ አራት ዓመት የኖረ ሕግ በአንድ ቀን ተቀበረ። የለቅሶው ድንኳን እንኳ አልተተከለም፤ ጭራሽ የተሸነፉት ፓክስተን ለቴክሳስ ታላቅ ድል ነው ብለው መግለጫ አወጡ። መሸነፍ እንዲህ የሚያስደስት ከሆነ እኛስ ስንት ዓመት ሙሉ ይግባኝ ስንል ምን ነክቶን ነው?

ሁለት ቀን ወደ ኋላ ብንመለስ የነገሩ ጥበብ ይበልጥ ይገባናል። የቴክሳስ ምክር ቤት ጉባኤውን የጨረሰው ጁን 2 ነበር። ይህንኑ ሕግ ለመሻር የቀረበለት ረቂቅ በሙሉ ጉባኤ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ። ኋላ ቀር በሆነ አገር ቢሆን ሕዝብ የመረጣቸው ሰዎች ያልሻሩት ሕግ አልተሻረም ይባል ነበር። በቴክሳስ ግን እንደራሴዎቹ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ጉዳዩ አለቀ። በየሁለት ዓመቱ 140 ቀን እየተቀመጡ ለሚከራከሩት ሰዎች አበል ማውጣት ከእንግዲህ ለምን ያስፈልጋል? አንድ ታዛዥ ተከሳሽ ይበቃል።

ሕጉን በ2001 የፈረሙት የያኔው አገረ ገዥ ሪክ ፔሪ መሆናቸውን ማንሳት ነውር እንዳይሆንብን እንጂ፣ ሰውየው ሪፐብሊካን ናቸው። ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣችው ቴክሳስ ናት፤ ካሊፎርኒያ እንኳ የተከተለቻት ከወራት በኋላ ነው። ፔሪ በ2011 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ በክርክር መድረክ ላይ ይህን የሚቃወሙትን ሰዎች ልብ የላችሁም ብለው ተናገሩ። አዳራሹ ጮኸባቸው። ብዙም ሳይቆዩ ቃሉ ተገቢ አልነበረም ብለው አረሙ። ልብ አለ ብሎ መጠርጠር በእርግጥም ከባድ ስድብ ነው።

አሁን ወደ ቁጠባው እንምጣ፤ ሁሉም የተደረገው ለግብር ከፋዩ ሲባል ነውና። ጥንት የታይለር ከተማ ትምህርት ቤቶች ወረቀት የሌለውን ሕፃን በዓመት አንድ ሺህ ዶላር ካልከፈልህ አትማርም ይሉት ነበር። በ1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ ይህን ከለከለ። ስለዚህ ቴክሳስ ወረቀት የሌላትን ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በራሷ ገንዘብ ታስተምራለች፤ አስተማሪ፣ መጽሐፍ፣ ቢጫ አውቶቡስ። ልጅቱ ጎበዝ ሆና ከኦስቲኑ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ስትደርስ ግን፣ ነዋሪ ወደ 11 ሺህ ዶላር በሚከፍልበት ዓመት አንቺ ወደ 40 ሺህና ከዚያም በላይ ክፈይ ትባላለች። ጥጃ አሳድጎ፣ ወልዳ የምትታለብ ዕለት ከበረት የሚያባርራት ገበሬ በእኛ አገር ስሙ ሌላ ነው፤ በዚያ ግን ቆጣቢ ይባላል።

የክፍያው ልዩነት ምክንያት ደግሞ የነዋሪ ወላጆች ለግዛቲቱ ግብር ከፍለዋል የሚል ነው። ቴክሳስ የገቢ ግብር የላትም። የምትኖረው በዋናነት ከሽያጭ ታክስና የአካባቢ አስተዳደሮች ከሚሰበስቡት የንብረት ግብር ነው። ዕቃ የሚገዛ ሰው ካሸሩ ላይ ወረቀትህን አሳይ አይባልም፤ የቤት ኪራይ ውስጥም የአከራዩ ግብር ተቆጥሮ ገብቷል። በ2006 የግዛቲቱ የሒሳብ ሹም ራሳቸው ባወጡት ጥናት ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ወደ ግዛቲቱ ካዝና ያስገቡት ገንዘብ ካዝናው ለእነሱ ካወጣው ይበልጣል ብለዋል። ሹሟም በሪፐብሊካንነት የተመረጡ ነበሩ። ይህን ዓይነት ነገር የሚጽፍ ሹም ሳይኖር አይቀርም፤ የሚያነበው ነው የጠፋው።

ከሁሉ የሚጥመኝ ግን የኤል ፓሶው ነው። የቴክሳስ ሕግ ለዓመታት የሠራበት አንድ ሌላ አንቀጽ አለ። የሜክሲኮ ዜጋ የሆነ፣ ኑሮው ሜክሲኮ የሆነና ችግረኛነቱን ያስመሰከረ ተማሪ በድንበር ባሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የነዋሪ ክፍያ ይከፍላል። በጎ ነገር ነው፤ ማንም አልተቆጣበትም። እንግዲህ ከሜክሲኮዋ ሁዋሬዝ ጠዋት ጠዋት ድልድዩን እየተሻገረ የሚመጣው ጎረምሳ ነዋሪ ነው። ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ኤል ፓሶ ያደገችው፣ አጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ ደግሞ እንግዳ ናት። ልጅቱ ብልህ ብትሆን ሜክሲኮ ሄዳ ቤት ትከራያለች።

በተሻረው ሕግ የአገሪቱ ዜጋ የሆነ የኦክላሆማ ልጅ ለምን ከእሷ በላይ ይከፍል ነበር የሚሉም አሉ። ጥያቄው ቀልድ አይደለም፤ በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግም ወረቀት ለሌላቸው እንዲህ ያለውን ጥቅም፣ ለማንኛውም ዜጋ ሳይፈቅዱ፣ በነዋሪነት ላይ ተመሥርቶ መስጠትን ይከለክላል። ካሊፎርኒያ ሕጓን ያቆመችው በነዋሪነት ሳይሆን በግዛቲቱ ሃይ ስኩል ሦስት ዓመት በመማር ላይ ነው፤ እዚያ የተማረ ማንም ይሁን ማን ይጠቀማል። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ይህን አጽድቆታል። የቴክሳስ ሕግ ጉድለት ካለበት እንዲሁ አርሞ መጻፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ማረም ማሰብ ይጠይቃል። ለነገሩ የኦክላሆማው ልጅም ብዙ አልተበደለም፤ ተወዳድሮ አንድ ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ ካገኘ ዩኒቨርሲቲው የነዋሪ ክፍያ ሊያስከፍለው ይችላል።

ይህ የሜክሲኮዎች ጉዳይ ነው ብሎ ገጹን የሚገለብጥ አንባቢ ካለ፣ ቪዛው አልቆበት ከነልጁ ጋርላንድ የቀረ ወገን ከእኛም መካከል አለ፤ ስሙን አንጠራም። ምክር ቤቱ በጃንዋሪ 2027 ኦስቲን ላይ እንደገና ይቀመጣል። ዜግነት ይዛችሁ በዳላስ፣ በጋርላንድና በሂውስተን የምትኖሩ፣ ሕጉ ታርሞ እንዲመለስ እጁን ያወጣ እንደሆነ እንደራሴያችሁን ከምርጫው በፊት ጠይቁት።