የባሕር ዳር አየር ከገዳሪፍ ሲታይ፦ የመስክ ጥናት

ስለ ባሕር ዳር ዕረፍት እስከ ዛሬ የተጻፈው ሁሉ አንድ መሠረታዊ ጉድለት አለበት፤ የተጻፈው ከአዲስ አበባ በኩል ተቆሞ ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ ነገሩ ቀላል ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው 1,800 ሜትር ገደማ ወዳለች ከተማ ይወርዳል፤ ጃኬቱን ያወልቃል፤ ዘንባባ ሥር ተቀምጦ የቆሮሶ ጥብስ ያዝዝና «ሙቀቱ እንዴት ደስ ይላል!» ይላል። በዚህ ማስረጃ ብቻ ባሕር ዳር ሞቃታማ ናት ተብሎ ተደምድሟል። ይህ ጥናት ግን የሚነሣው ከሱዳኗ ከተማ ከገዳሪፍ ነው። ገዳሪፍ 600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

የጥናቱ ዘዴ ጣና ዳር ካሉት የአትክልት መዝናኛዎች በአንዱ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። አጥኚው ለዘዴው ታማኝ ለመሆን ሲል ቡናውን እየደጋገመ ጠጥቷል። ከሱዳኑ ጦርነት በፊት፣ በኢድ ሰሞን፣ አንድ አግዳሚ ላይ ሁለት ዓይነት ጎብኚ ይቀመጥ ነበር። አንደኛው ቁምጣ ለብሶ ላቡን ይጠርጋል፤ ይህ ከአዲስ አበባ ነው። ሁለተኛው በጀላቢያው ላይ ሹራብ፣ ባለቤቱ በቶቧ ላይ ጋቢ ደርበው ልጆቻቸውን ከውኃው ይከለክላሉ፤ እነዚህ ከገዳሪፍ ናቸው። ነፋሱ ለሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ሙቅ መሆኗም ቀዝቃዛ መሆኗም የሚወሰነው በአውቶቡሱ መነሻ ነው። የከተማዋ ነዋሪ ሲጠየቅ «ደህና ነው» ብሏል፤ እሱ ወደ ሐይቁ የሚወርደው እንግዳ ሲመጣበት ብቻ ስለሆነ መልሱ አልተመዘገበም።

ዋናው ግኝት የተገኘው መንገዱ ላይ ነው። ከገዳሪፍ የተነሣ ሰው ዶካን አልፎ ጋላባት ይደርሳል፤ ከዚያ ድልድዩን ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ ይገባል። ዐፄ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ፣ መጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ የወደቁት እዚህ ነው። ለዕረፍት የሚሄደው መንገደኛ ግን እዚህ የሚያሳስበው የፓስፖርት ማኅተምና የገንዘብ ምንዛሪ ነው። የሁለቱ ሀገሮች ድንበር እ.ኤ.አ. በ1902 ውል ተፈረመበት፤ በዓመቱ ሜጀር ግዊን የሚባል የብሪታንያ መኮንን ምልክት እያደረገበት ሄደ፤ አል ፈሸጋ በሚባለው የድንበር መሬት ላይ ያለው ክርክር ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልበረደም። የብርዱ ድንበር እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። ገንዳ ውኃንና ነጋዴ ባሕርን አልፎ ዳገቱ ወደ አይከል ሲጀምር፣ አውቶቡሱ ውስጥ ያለ ሱዳናዊ ሁሉ ያለ አንዳች ድርድር መስኮቱን ይዘጋል። ኮሚሽን አልተቋቋመለትም፤ ካርታም አልተነሣለትም።

ይህን ሁሉ ዳገት ለምን? ገዳሪፍ የዋልካ ሜዳ፣ ማሽላ፣ ሰሊጥና ከሩቅ የሚታይ የእህል ጎተራ አላት፤ ወንዝ ግን የላትም። የመጠጥ ውኃዋ የሚሳበው ከአትባራ ወንዝ፣ ከሸዋክ በኩል ነው። አትባራ ማለት ደግሞ ከጣና በስተሰሜን ካለው ደጋ ተነሥቶ በመተማ በኩል የሚወርደው የእኛው ጓንግ ነው፤ ተከዜም ይጨመርበታል። እንግዲህ የገዳሪፍ ሰው ዓመቱን ሙሉ የጎንደርን ዝናብ በቧንቧ ሲጠብቅ ከርሞ፣ ዕረፍት ሲወጣ ውኃው በመጣበት አቅጣጫ ሽቅብ ይወጣል። ጣና የጓንግ ጎረቤት እንጂ ምንጩ አይደለም የሚል የጂኦግራፊ መምህር አይጠፋም። ልክ ነው፤ ግን በበዓል ቀን እንዲህ ያለ ነገር አይነሣም።

ባህልን በተመለከተ የሁለቱ ሀገሮች ሙዚቃ በአምስት ድምፅ ቅኝት የተዛመደ ነው። መሐመድ ወርዲ ሲዘፍን ዐረብኛ የማያውቅ ጎንደሬ ትከሻው የሚንቀሳቀሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። አዝማሪ ቤት ሲገቡ ዝምድናው በሽልማት ይጸናል። ሱዳን ውስጥ መጠጥ እ.ኤ.አ. በ1983 በሕግ መታገዱን ከዚህ የምሽት ባህል ጋር የሚያያይዙ አሉ። እኛ ግን ጎብኚዎቹን ጠይቀን «ለአየሩ ነው የመጣነው» ብለውናል፤ እንግዳ የነገረንን እናምናለን። አየሩ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ይበልጥ እንደሚስማማቸው ግን ታዝበናል።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚጓዝም አለ። ሰሊጡና ማሽላው ሲደርስ ሳሉግ የሚባለው የቀን ሠራተኛ ከደጋው ወደ መተማና ወደ ገዳሪፍ እርሻ ይወርዳል። እሱም ከቤቱ ርቆ ሳምንታት ይቆያል፤ እሱም አየር ይለውጣል፤ ያውም ሙቁን አየር ያለ ጥርጥር ያገኛል። ሆኖም በየትኛውም የቱሪዝም መዝገብ ስሙ የለም። ምናልባት ይዞት በሚመለሰው ነገር ሊሆን ይችላል፦ የገዳሪፉ ጎብኚ ጋቢ ይዞ ይመለሳል፤ ሳሉጉ ደሞዙን፣ አንዳንዴም የካላዛር በሽታ።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሣ፣ በጋላባት ድልድይ የሚሻገረው ሰው በረከተ። የመመለሻ ትኬት ግን አልነበረውም። ብዙዎቹ ምዕራብ ጎንደር ውስጥ ኩመር በተባለ ቦታ ድንኳን ተተከለላቸው። ኩመር ያለው ከአይከል በታች፣ ከብርዱ ድንበር ወዲያ፣ ሙቀቱ ውስጥ ነው። የጥናቱ መላምት ሰውየው ለዕረፍት እንደሚወጣ አድርጎ የተነሣ ስለሆነ፣ እነዚህን ተጓዦች የሚመዘግብበት ሰንጠረዥ አልነበረውም።

ስለዚህ የቀረን የአዲስ አበባው ጎብኚ ብቻ ነበር። እሱም በዚያው ዓመት በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ ከመጣ የሚመጣው በአውሮፕላን ነው። በአውሮፕላን የመጣ ሰው የአባይን በረሃ በእግሩም በጎማም አላቋረጠም፤ ጣና ዳር ተቀምጦ «ይሞቃል» ቢል ከምን ጋር አስተያይቶ እንደሆነ አይታወቅም። ከናሙናው ወጥቷል።