ለወሬ ደግሞ ዲግሪ!

ወይ ጊዜ! በልጅነታችን "አንተ ወሬኛ!" ተብለን በኩርኩም የተቀጣንበት ነገር ይኸውና ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ተገብቶ ለዓመታት ይጠናል። ሲያበቃም ገዋን ይለበሳል፣ ቆብ ወደ ሰማይ ይወረወራል፣ ዘመድ በሚኒባስ ተጭኖ ይመጣል፣ በግ ይታረዳል። እናንተ የእኔ ዘመን ሰዎች፣ ጡረተኛ ወገኖቼ፣ ይህን ለማየት ነው እንግዲህ የተረፍነው!

የልጅ ልጄ "ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ደረሰኝ" ስትል እናቷ እልል አለች። የእልልታው ምክንያት እስካሁን አልገባኝም። እርግጥ እኔም የዚያኑ ዕለት ለዕድርተኛው ሁሉ ደውዬ ነግሬያለሁ፤ ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጋዜጠኛ ድሮ ይወለዳል እንጂ አይመረቅም ነበር። ጳውሎስ ኞኞን አስታውሱት። የቀለም ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም ይባላል፤ ነገር ግን በአዲስ ዘመን ላይ "አንድ ጥያቄ አለኝ" የምትለውን ዓምዱን ለማንበብ ያልተሻማ ማን ነበር? "በዓሉ ግርማስ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ድረስ ሄዶ ተምሮ የለም ወይ?" የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። በዓሉ ሌላ ነው። እኔም ብሆን በደርግ ጊዜ ቡዳፔስት ተልኬ የተማርኩት ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ሰርተፊኬቴ ሳሎን ውስጥ በመስታወት ተሰቅሎ የምታዩት የግድግዳውን ስንጥቅ እንዲሸፍን ነው እንጂ ለጉራ አይደለም።

ደግሞ ትምህርቱ! ሌክቸሩ በእንግሊዝኛ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ። ሲቀጠሩ ግን በአማርኛ ጻፉ ይባላሉ፤ ያን ጊዜ ብዕራቸው ይንተባተባል። ልጅቷን "እስቲ አንድ ዜና ጻፊና ልየው" አልኳት።

"አባባ፣ መግቢያው ላይ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምንና እንዴት መመለስ አለባቸው" አለችኝ።

ያን ሁሉ በመግቢያው ከጨረሱት ሰው ምን ቀርቶት ወደ ታች ይወርዳል? የእኛ ዜና በክቡር ሚኒስትሩ ስም ይጀምራል፣ ማዕረጋቸው ይከተላል፣ ከዚያ በሥነ ሥርዓቱ ላይ የተገኙት እንግዶች እንደየደረጃቸው ይዘረዘራሉ። ምን እንደተደረገ ለማወቅ እስከ መጨረሻው መስመር መታገሥ ነው። አንባቢ ትዕግሥት የተማረው ከእኛ ነው! የእነሱን አጻጻፍ የተገለበጠ ፒራሚድ ይሉታል አሉ። ፈርዖኖቹ እንኳ ያልገለበጡትን!

አጀንዳ ሴቲንግ የሚባል ንድፈ ሐሳብም አለ። መገናኛ ብዙኃን ሕዝቡ ስለ ምን ማሰብ እንዳለበት ይወስናሉ ነው ነገሩ። ይህን ለማወቅ ስንት ገጽ ጥራዝ አስያዟት መሰላችሁ። የእኛ አጀንዳ ከበላይ አካል ተዘጋጅቶ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ በፖስታ ታሽጎ ነበር የሚመጣልን። ምን ጥናት ያስፈልገዋል?

ሳንሱርን ሲያሙትማ እበግናለሁ። የዛሬ ልጆች ጽሑፋቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያነብላቸው ያላቸው ይመስላችኋል? እኛ ግን ምንም ቢሆን አንድ የማይቀር አንባቢ ነበረን፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ቃል በቃል የሚያነብ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ዐዋጅ ወጥቶ ቅድመ ምርመራ ሲቀር ያን አንባቢያችንን አጣነው። ማን ቅር አለው?

የድምፅ ሥራውንም ላውራችሁ። ድሮ ሬዲዮ ላይ ቃለ ምልልስ ስናርም የቴፑን ክር በሁለት እጃችን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያሽከረከርን ቃሉ የሚነሣበትን ቦታ በጆሮ እናድናለን። እዚያች ላይ በእርሳስ ምልክት እናደርጋለን፤ በምላጭ በሰያፍ እንቆርጣለን፤ ጫፍና ጫፉን ገጥመን በቀጭን ፕላስተር እናጣብቃለን። ተቆርጣ የወጣችውን ቁራጭ አንጥልም፤ አንገታችን ላይ እናንጠለጥላታለን። ማን ያውቃል፣ የክቡርነታቸው ሳል ሊፈለግ ይችላል! አሁን ልጅቷ በስልኳ መስታወት ላይ አውራ ጣቷን ፈቀቅ ታደርጋለች፣ አለቀ። ሳሉስ? ጠፋ። የባለሥልጣን ሳል በከንቱ ሲቀር "ኧረ ባካችሁ" የሚል እንኳ የለም።

ፍጥነቱማ አይነሣ። ዜና ድሮ እንደ ዶሮ ወጥ ቀስ ብሎ ይበስል ነበር። ክፍለ ሀገር የተፈጠረ ነገር አዲስ አበባ ደርሶ፣ ታርሞ፣ ጸድቆ፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ገብቶ እስኪወጣ ጎርፉ ጎድሏል፣ ጠበኞቹ ታርቀዋል፣ የታመመው ድኗል። ስለዚህ በዘመናችን የሚያስደነግጥ ዜና አልነበረም፤ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነበር የምንሰማው። አሁን ነገሩ ሳይጨረስ ወሬው ይደርሳል። ይህ ጤና ነው? ባለፈው ግን ስኳር መወደዱን ከጎረቤት ስሰማ ልጅቷን ተቆጥቻታለሁ። የጋዜጠኝነት ተማሪ ቤት ውስጥ ተቀምጣ እኔ ወሬ ከጎረቤት ልስማ?

ተመርቀው ጋዜጠኛ ቢሆኑ እንኳ ጥሩ ነበር። ስንቱ ነው በየመሥሪያ ቤቱ ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ገብቶ መግለጫ ሲያረቅ የሚውለው! ከረባት፣ ወንበር፣ አበል። ሙያ ረክሶ ረክሶ እዚህ ደረሰ። እኔም ጡረታ እስክወጣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነበርኩ፤ የእኔ ግን የአገር አደራ ነበር። አበሉንም ቢሆን ግድ ሆኖብኝ ነው የተቀበልኩት።

ከሁሉ ያቃጠለኝን ልንገራችሁ። ልጅቷ የመመረቂያ ጽሑፏን ስለዚያችው ስለ ጳውሎስ ዓምድ ልትሠራ ተነሥታለች፤ በእንግሊዝኛ! ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ ሲታተም የኖረ ጋዜጣ በእንግሊዝኛ ሊተነተን። ሦስት ቀን አኮረፍኳት። ከዚያ የድሮ ካርቶኖቼን ከቆጥ አወረድኩ፤ ግማሹን አይጥ በልቶታል።

እናም ወገኖቼ፣ የጥንት አዲስ ዘመን እቤታችሁ ካለ ለቆራሌው አትሽጡብኝ፣ ቆሎም አትጠቅልሉበት። እናት አባታችሁ ግድግዳ ላይ የለጠፉት ካለም አትገንጥሉት። "አንድ ጥያቄ አለኝ" ያለበትን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሡና በቴሌግራም ላኩልኝ። ቶሎ በሉ ታዲያ፤ የምታስረክበው ግንቦት ላይ ነው።