አንተ ንገርልኝ

የቤተሰብ አማካሪ ዘንድ የሚሄድ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ አንድ ጥፋተኛ ይዞ ነው የሚሄደው። አባት መሪውን ይዞ፣ እናት ነጠላዋን አጣፍታ ከጎኑ፣ ታላቅ እህት ቦርሳዋን ታቅፋ ከኋላ፤ ከእሷ አጠገብ ደግሞ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ የወተፈ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ። ቢሮው እንደገቡ አባት ጉሮሮውን ይጠርግና «ልጁ ይኸውላችሁ» ይላል፣ መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ «ፍሬኑ ይጮኻል» እንደሚል ሰው። ተሠርቶ እስኪወጣ ድረስ ማኪያቶ የሚጠጣበትን ካፌ ሳይቀር መንገድ ላይ አይቶ መጥቷል። አማካሪዋ «አይ፣ ሁላችሁም ተቀመጡ» ስትል ነው ነገር የሚበላሸው። እናት አባትን ታየዋለች፤ አባት ጣሪያውን ያያል። «እኛ ደግሞ ምን አደረግን?»

ጎረምሳው በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ማዳመጫውን የሚያወልቀው እዚህ ላይ ነው።

ልጁ ጥፋት የለበትም ማለቴ አይደለም። ከትምህርት ቤት ይፎርፋል፣ ጫትም ሳይቀምስ አልቀረም። ነገር ግን የቤቱ ሰው ስለ እሱ ብቻ ማውራት ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፏል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አባትና እናት ስለ ሌላ ጉዳይ አንድ ቁም ነገር እንዳልተነጋገሩ ያስተዋለ የለም። ልጁ ነገ ተነሥቶ ጨዋ ቢሆን ሁለቱ ምን ሊያወሩ ነው? እንዲህ ያለ ልጅ በየቤቱ አይጠፋም። ሹመቱን ማን እንደሰጠው አይታወቅም፣ ሊሽረው የሚደፍርም የለም። ዲግሪውን ጭኖ ቢመጣ እንኳ አክስቱ «ጭንቅላቱስ ድሮም ጥሩ ነበር፣ ጠባዩ ነው እንጂ» ትላለች።

አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም መሬይ ቦወን እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ አምስት ዓመት ያህል፣ ሜሪላንድ በሚገኘው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ውስጥ፣ የስኪዞፍሬንያ ሕሙማንን መጀመሪያ ከነእናቶቻቸው፣ ኋላም ከነአባትና ከነወንድም እህቶቻቸው አስተኝቶ ያጠና ነበር። ለአሜሪካኖቹ አዲስ ነገር ነው። እኛ አገር ግን ሰው ብቻውን ሆስፒታል ተኝቶ ያውቃል? አስታማሚው ከአልጋው ሥር፣ ፔርሙዙ መስኮቱ ላይ፣ ምሳ ዕቃው በየተራ ከየዘመዱ ቤት፤ ዘበኛው «አንድ ሰው ብቻ!» ብሎ እስኪጨርስ ሰባቱ ገብተዋል። የቦወን ብልጠት አስታማሚዎቹንም መመልከቱ ላይ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ቤተሰብ ነው የሚለው የዚያ ዘመን ግምት ኋላ ላይ ወድቋል፤ እስኪወድቅ ግን ስንት እናት በከንቱ ተወቅሳበታለች። ጸንቶ የቆየው ሌላ ነገር ነው። ለንደን ውስጥ ጆርጅ ብራውንና ባልደረቦቹ እንዳዩት፣ ከሆስፒታል ወጥቶ ነቀፋ ወደሚበዛበት ቤት የሚመለስ ሕመምተኛ ሕመሙ ቶሎ ያገረሽበታል። ከነቀፋው ጎን ከልክ ያለፈ እንክብካቤም ተቆጥሯል። «ካልበላህ አልበላም» የሚለው ፍቅር እዚያ ሰነድ ውስጥ መግባቱን እናቶቻችን የሰሙ ቀን ለእንግሊዝ ኤምባሲ አቤቱታ ይገባል።

ቦወን ከታዘባቸው ሁሉ የእኛን ቤት አይቶ የጻፈው የሚመስለኝ አንዱ ነው፤ በሁለት ሰዎች መካከል ነገር ሲከር ሦስተኛ ሰው ጎትተው ያስገባሉ አለ። ሦስት ማዕዘን አድርጎም ሣለው።

እኛ ቤት ሦስት ማዕዘኑ ቡናው ሳይቆላ ያልቃል። «አባትህን ምሳ ቀርቧል በለው።» አባት ክንድ በማይሞላ ርቀት ሶፋው ላይ ጋዜጣ ዘርግቷል። ልጁ ዞር ብሎ፣ «አባዬ፣ ምሳ ቀርቧል።» «አልራበኝም በላት።» «አልራበኝም አለ።» «የት በልቶ ነው በለው።» እዚህ ላይ ልጁ ያመነታል፤ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ግን የትኛው መልእክት ሳይደርስ ቢቀር እንደሚሻል ከብዙ አምባሳደር ይልቅ ያውቃል። ልጅ የሌለበት ቤትም መላ አያጣም፣ ድመት አለች። «አንቺስ የበላሽበትን ታውቂያለሽ» ትባላለች ድመቷ፣ ባልየው እየሰማ። አማት ምራቷን መቆጣት ስትፈልግ የገዛ ልጇን ትቆጣለች፤ ልጅቷም ነገሩ የማን እንደሆነ ስለምታውቅ አትቀየምም። እኔን የምታሳዝነኝ የቤት ሠራተኛዋ ናት። ደመወዟ ላይ ሰባራ ሳንቲም ሳይጨመርላት የአራት ሰው አሽሙር ትቀበላለች።

ይህ ሁሉ ከክፋት አይመጣም። ታላቅን ፊት ለፊት «ተቀይሜሃለሁ» ማለት ድፍረት ነው፤ ታናሽን እንዲህ ማለት ደግሞ ራስን ማቅለል። እኩያ እንዳይባል፣ በቤተሰብ ውስጥ እኩያ የለም፤ መንትዮች እንኳ ማን ቀድሞ እንደወጣ ይከራከራሉ። ስለዚህ ቅያሜ ለሚገባው ሰው አይነገርም። አክስት ዘንድ ያድራል፣ በማግሥቱ በቫይበር ባሕር ማዶ ካለው ወንድም ዘንድ ይደርሳል፣ እዚያ ጨው ይነሰነስበታል፤ ተመልሶ ሲመጣ የተቀየመው ሰው ራሱ «ማነው ደግሞ እንዲህ ያለው?» ይላል።

ቦወንም የሰው ልጅ ነውና ከራሱ ዘመዶች ሐሜት አላመለጠም። መላው ያስቀኛል። ማን ስለ ማን ምን እንደሚል በደብዳቤ እየገለጠ ለቤተሰቡ ጻፈና ብድግ ብሎ አገር ቤት ሄደ። ዘመድ ሁሉ ተቆጥቶ አንድ ሳሎን ተሰበሰበ፤ እሱ የፈለገውም ይኸንኑ ነበር። ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1967 ፊላደልፊያ ውስጥ ለባልደረቦቹ ተረከላቸው። በ1972 በመጽሐፍ ሲታተም ግን የጸሐፊው ስም የለበትም። ገበና ሲሆን የአሜሪካ ፕሮፌሰርም ነጠላውን ወደ ፊቱ ይስባል።

«እኛ ሽማግሌ እያለን ቴራፒ ምን ያደርግልናል?» የሚሉ አሉ። ሰው በመሰብሰብ ከሆነ እውነታቸውን ነው፤ ሽምግልናን የሚስተካከል የለም። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳይቀር የፍቺን ጉዳይ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶት ነበር። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሥልጣኑን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ያም ሆኖ ዳኛው ባልና ሚስቱን ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች ዕርቅ እንዲሞክሩ ሊያደርግ፣ ሲያስፈልግም ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። በዚያ ሦስት ወር ውስጥ አክስቶች ያስባሉ፤ ባልና ሚስቱ ያስቡ እንደሆን እንጃ።

ችግሩ ከተሰበሰብን በኋላ ነው። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ውርስ ተኳርፈው ዓመታት አልፈዋል እንበል። ሽማግሌዎቹ ይሰየማሉ። ታናሽየው «እኔ እኮ በቤቱ አይደለም…» ብሎ ሲጀምር አንደኛው አባት ያቋርጡታል፦ «ተው ልጄ፣ ያለፈውን አናንሣ።» ታላቅየው አፉን ሲከፍት ሌላው ይቀበላሉ፦ «ሰይጣን ነው በመካከላችሁ የገባው።» ሰይጣን ስብሰባው ላይ ስላልተጠራ መልስ አይሰጥም። «በሉ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ።» ተነሥተው ይሳሳማሉ፣ እናት ታለቅሳለች፣ ዶሮ ወጡ ይቀርባል። ታናሽየው በቤቱ ካልሆነ በምን እንደተቀየመ ግን የጠየቀው የለም። ዓመት ሳይሞላ ለፋሲካ በግ መዋጮ ይጣላሉ፤ ቤተ ዘመዱም «ታርቀው አልነበር እንዴ?» ብሎ ይገረማል።

ከዚያ ደግሞ «እስቲ ገለል በሉና እንመካከር» የሚባል ነገር አለ። ተጣይዎቹ ግቢ ወጥተው አጥር አጥር ያያሉ፣ ስለ እነሱ ውስጥ ይወራል። ፈረንጆቹም ከዚህ የተሻሉ አልነበሩም፤ አማካሪዎች ከመስታወት ጀርባ ተደብቀው ቤተሰቡን እያዩ የሚመካከሩበት ዘመን ነበር። ኖርዌይ ውስጥ ትሮምሶ የሚሠራው ሐኪም ቶም አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1985 መብራቱንና ድምፁን ገለበጠው፤ ቤተሰቡ ተቀምጦ ባለሙያዎቹ ስለ እሱ የሚሉትን ይሰማ ጀመር። ባለሙያዎቹም አነጋገራቸውን ማረም ግድ ሆነባቸው። የእኛ ተጣይዎች ሽማግሌዎቹ የሚሉትን ቢሰሙ ዕርቁ በዚያው ቅጽበት ይወርዳል ብዬ አምናለሁ፣ በሽማግሌዎቹ ላይ ተባብረው።

ሚላን ውስጥ ማራ ሴልቪኒ ፓላዞሊና ባልደረቦቿ ሐሜትን ራሱን ሥራ አስገቡት። ልጅቷን «እናትሽ ስታለቅስ አባትሽ ምን ያደርጋል? ወንድምሽስ?» ብለው ይጠይቋታል፣ አባትም ወንድምም እዚያው ተቀምጠው። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ከእኛ የተሻለ የተዘጋጀ ሕዝብ አይገኝም። የሚጎድለን የታሚው መገኘት ብቻ ነው።

ሁሉንም የሚያስንቀኝ ግን ሳልቫዶር ሚኑቺን ነው፤ አርጀንቲና ተወልዶ ፊላደልፊያ የሠራው። ምግብ አንበላም ብለው የከሱ ልጆችን ከነወላጆቻቸው ይቀጥርና እዚያው ቢሮው ምሳ ያስመጣል። አባት ይቆጣል፣ እናት ታባብላለች፤ እናት ስትቆጣ ደግሞ አባት «ተያት» ይላል። የሁለቱ ጉዳይ ከሳህኑ ማዶ ሲታይ እሱ ቁጭ ብሎ ይመለከታል። በእኛ ገበታ ቢገኝ ጉርሻን ያጠና ነበር። የተኳረፈ ባል «አጠፋሁ» ከማለት ሚስቱን አንድ ትልቅ ጉርሻ ማጉረስ ይቀለዋል። «በሞቴ» ይላል። እሷም አፏ ስለሞላ መልስ መስጠት አትችልም፤ በዚህ መልክ ስንት ጉዳይ በበርበሬ ታሽጎ እንደቀረ እግዜር ይወቀው። የሚኑቺን ሌላው ዘዴ ወንበር ማዛወር ነበር። በባልና በሚስት መካከል የተቀመጠውን ልጅ ያነሣና ሁለቱን ፊት ለፊት ያስቀምጣቸዋል፤ «ለእኔ አትንገረኝ፣ ለእሷ ንገራት።»

ይህ ፊት ለፊት መነጋገር ዋሽንግተን አካባቢ ላሉ ዘመዶቻችን አንድ ተጨማሪ መሰናክል አለው፤ አስተርጓሚው ራሱ ልጁ የሆነ እንደሆነ። አባት ከአያት ጀምሮ፣ ስደቱን፣ የሌሊት ፈረቃውን፣ የታክሲውን ዕዳ አንሥቶ ሲያበቃ ልጁ በእንግሊዝኛ «ተናዷል» ይላል። አማካሪዋ ልጁ በግልጽ እንዲወቀስ ሐሳብ ስታቀርብ ደግሞ ወደ አማርኛው «ጎበዝ ልጅ አላችሁ ትላለች» ሆኖ ይመለሳል። ባለሙያዎች ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ የሚሉት ወደው አይደለም።

ጋራዥ የሚመስለው ቢሮ ውስጥ ወደተውናቸው እንመለስ። አማካሪዋ ጎረምሳውን ከመካከል አነሣችውና አባትየውን «ለባለቤትዎ ይንገሯት» አለችው። «እሷ እኮ…» አለ ወደ አማካሪዋ ዞሮ። «ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ።» ልጁ ሳቀ። አባት ወንበሩን አንቋቁቶ፣ ሚስቱን ሳይሆን የነጠላዋን ጥለት እያየ፣ «ማታ ስገባ ሁላችሁም ዝም ትላላችሁ» አለ። እሷ ግራ ገባት። «ደክሞህ ይሆናል ብለን እኮ ነው።» እሱ ደግሞ ለዓመታት የሚጠሉት መስሎት በር ላይ ጫማውን እያወለቀ ራዲዮ ይከፍት ነበር። ሕክምናው ይኸው ነው፤ በአንድ ሐሙስ ከዚህ በላይ አይገኝም። ይህን ያወቅሁት እናትየዋ ለእህቴ ነግራት፣ እህቴ ለእኔ ስለነገረችኝ ነው። ሌላ መንገድ የለም።

ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስቱ ይጣላሉ፣ ጮክ ብለው፣ እርስ በርሳቸው። ጎረቤት «ቴራፒ የሚሉትን ነገር ከጀመሩ ባሰባቸው» ብሎ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። ልጁ መፎረፉን አልተወም፣ ግን ለምን እንደሚፎርፍ አንድ ቀን እራት ላይ ተናገረ፤ የሒሳብ ትምህርት ከብዶት ኖሯል። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀው አልነበረም።

እናትየዋ ግን ባለፈው ሳምንት ለአማካሪዋ ስልክ ደውላ ነበር። «ለባሌ አንቺ ንገሪልኝ፤ ከእኔ እንደሰማሽ ሳታስመስዪ።» አማካሪዋ በትሕትና «ሐሙስ ሲመጡ እርስዎ ራስዎ ይንገሩት» አለቻት። እናትየዋ በጣም ተቀየመች። መቀየሟን ለአማካሪዋ እንድታደርስላት እህቴን ለምናታለች፤ እህቴ ደግሞ አማካሪዋን ስለማታውቃት ለእኔ ነገረችኝ። እኔም ይኸው ጻፍኩት።