ሦስቱ ታቦች የኔ ናቸው

ለክቡር ጽሕፈት ቤታችሁ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል

ጉዳዩ፦ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋና ስለማቅረብ

ስሜን እዚህ መጻፍ አላስፈለገኝም። በገዛ እጄ ጽፌ የፈረምኩት ቃል መዝገብ ቤታችሁ ይገኛል፣ ከዚያ መውሰድ ትችላላችሁ። «ከእንግዲህ ወዲህ የመንግሥትን ኮምፒውተር ላልነካ» ይላል። ቃሉን ኮምፒውተር ላይ ተይቤ ላቅርብ ብዬ ነበር፤ የጸሐፊዋም ማሽን ስታክ አድርጎ ስለነበር በእስክሪብቶ ጻፍኩት።

የመጣሁት ንግድ ፈቃዴን ላሳድስ ነበር። የሥራ ዘርፌ ፋይሌ ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ የኮምፒውተር ጥገና ይላል። ሥራውን ከጀመርኩ 26 ዓመት ሆነኝ። ወደ እናንተ ስመጣ ግን ይህ ሦስተኛዬ ነው። በመጀመሪያው ቀን «ሲስተም የለም» ተባልኩ። በሁለተኛውም «ሲስተም የለም» ተባልኩ። በሦስተኛው የመጨረሻ ልጄን ይዤ መጣሁ፤ ትምህርት ቤት አልነበራትም፣ አባቷ ጉዳይ ሲያስፈጽም ትይ ብዬ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የዜጎች ቻርተር ጉዳዬ በ20 ደቂቃ እንደሚያልቅ ይገልጻል። ስለ ወንበሩ፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱና ቁልፉ ስለጠፋው የሐሳብ መስጫ ሣጥን ሌሎች ጽፈውላችኋል፤ እኔ አልደግመውም።

ሁለት ሰዓት ያህል ተሰልፈን መስኮት ቁጥር አራት ደረስን። የመስኮቱ ሠራተኛ የፋይል ቁጥሬን አስገባች፣ ጠበቀች፣ ደግማ ጠቅ አደረገች፣ ከዚያ «ሲስተም የለም፣ ከሰዓት ይሞክሩ» አለችኝና «መጣሁ» ብላ ወጣች። ስክሪኑ ወደኔ ዞሮ ቀረ። ኔትወርኩ ሙሉ ነው። ክቧ ትሽከረከራለች። ከጠረጴዛው ሥር ሃርድ ዲስኩ ቆሎ እንደተጣደበት ምጣድ ይንጣጣል። ያንን ድምፅ በእንቅልፌም ቢሆን ለይቼ አውቀዋለሁ። ቤት ሲጠብ ዕቃ በረንዳ ላይ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ራም ሲሞላ ዊንዶውስም የተረፈውን ወደ ዲስክ ያወጣል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ነገር ከበረንዳ እያመላለሰ ነው የሚሠራው። ሲስተሙ የትም አልሄደም። ቦታ ነው ያጣው።

ክቡራን ሆይ፣ እዚህ ላይ ነው የበደልኳችሁ። ግማሽ ሰዓት ታግሼ ከቆየሁ በኋላ እጄን በመስኮቱ አሾልኬ ሺፍትን ከኢስኬፕ ጋር ተጫንኩ። ይህ ክሮም የትኛው ታብ ስንት ራም እንደያዘ የሚያሳይበት ዝርዝር ነው። ከላይ ታቦቹ ከመብዛታቸው የተነሳ ማበጠሪያ ጥርስ መስለው ስለነበር አይለዩም፤ ዝርዝሩ ላይ ግን ቆጠርኳቸው፣ አርባ አንድ ናቸው። ሁሉም አንድ ገጽ ነው፣ የናንተው የአገልግሎት ቅጽ። ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ አዲስ ታብ ይከፈታል፣ አንዱም አይዘጋም። እያንዳንዱ ሰባ ሰማንያ ሜጋባይት ይዟል፤ ሲደመር ሦስት ጊጋባይት ግድም ይመጣል። ማሽኑን አጥፍቶ ማብራትም አይፈይድም፣ ብሮውዘሩ ካቆመበት እንዲቀጥል ስለታዘዘ አርባ አንዱንም መልሶ ይደረድራቸዋል።

በየታቡ ርዕስ ላይ የፋይል ቁጥር አለ። የኔን ሦስት ጊዜ አገኘሁት። በወሩ መጀመሪያ የመጣሁት እኔ፣ ባለፈው ሳምንት የመጣሁት እኔ፣ አሁን መስኮቱ ላይ የቆምኩት እኔ፣ ሦስታችንም እዚያ ተቀምጠን ራም እንበላለን። ለካ ሲስተሙን ያጠፋሁት እኔው ነኝ!

ሠራተኛዋ ተመልሳ «እንዴ! ምን እየነኩ ነው?» ስትል አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ወዲያው ባለሙያችሁ መታወቂያውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ደረሰ። ላስረዳው ሞከርኩ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ፋዘር፣ ይሄ እኮ እንደ ድሮ ሬዲዮ ግራና ቀኝ የሚጠመዘዝ አይደለም» አለኝ። ሰልፉ ሳቀ። ልጄ ጫማዋን ታይ ጀመር።

ራም ሞልቶ ነው ብል ፈገግ አለና አፌን ሊያዘጋ የማሽኑን መረጃ ከፍቶ በጣቱ አሳየኝ፣ «ይኸው፣ 8 ጂቢ!» እውነቱን ነው፣ 8 ይላል። እዚያው አጠገቡ በቅንፍ ውስጥ ግን ጥቅም ላይ የሚውለው 3.2 መሆኑ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ ሲስተሙ ባለ 32 ቢት፣ ፕሮሰሰሩ ግን 64 ቢት የሚችል መሆኑ ሰፍሯል። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም፤ ከዚያውም ላይ ለሌሎች ክፍሎች ተቀንሶለት ነው የሚደርሰው። ስምንት ክፍል ቤት ተገዝቶ የሦስቱን ቁልፍ ብቻ መረከብ ነው። «ቅንፉን አንብበው» አልኩት። ያነበበው የኔን ቦርሳ ነው።

ጥበቃው «ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ» እያለ ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። መፍቻ፣ ፍላሽ፣ የልጄ ዳቦ፣ በወረቀት የተጠቀለለ አንድ ራም። ባለሙያችሁ ራሙን እንደ ኤግዚቢት ወደ ብርሃን አነሳው፤ «ይሄስ ከየት መጣ?» ከዚያ ማሽን የነቀልኩት መሰለው። የደንበኛዬ የላፕቶፕ ራም ነው! የዴስክቶፕ ራም ግማሽ የምታህል፣ የናንተ ማሽን ውስጥ ብትገፋት እንኳ የማትገባ።

ሌባ አላችሁኝ። በልጄ ፊት። አንተ ልጅ፣ ራም አንገትህ ላይ ተንጠልጥሎ ቢሰጥህ የላፕቶፑን ከዴስክቶፑ አትለይም፤ ደመወዝ የሚከፈልህ በምንድን ነው? አርባ ሰው ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ «ሲስተም የለም» ስትሉት አታፍሩም? ሲስተም ማለት እናንተ እኮ ናችሁ! ማታ ልጄ «አባ፣ እውነት ሰርቀህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህንንም በዜጎች ቻርተር ላይ ጨምሩት።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ምስጋና ነበር የምጽፈው።

ምናልባት በሪፖርታችሁ ላይ ጥፋቱን በክሮም ታላክኩ ይሆናል ብዬ ስለሰጋሁ ስለሱ ጥቂት ልናገር። ክሮም ራም ወዳድ ነው፣ አልክድም። ግን ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ጀምሮ ታቦችን በየራሳቸው ፕሮሰስ የሚያስቀምጠው አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ ነው። በ2018 ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰር ክፍተት ሲታወቅ ደግሞ አንዱ ድረ ገጽ የሌላውን ምስጢር እንዳያይ በየግላቸው አጠራቸው፤ ለዚህ አጥር ከ10 እስከ 13 በመቶ ተጨማሪ ራም እንደሚወስድ ጎግል ራሱ ተናግሯል። በ2022 መጨረሻ ላይ ያልተነኩ ታቦችን የሚያስተኛ ሜሞሪ ሴቨር የሚባል ነገርም አምጥቷል። ሴቲንግ ውስጥ አንድ ጠቅታ ነው። እሱን ማብራት፣ ሲነሳ የድሮውን ገጽ እንዳይመልስ ማድረግ፣ የተስተናገደን ሰው ታብ መዝጋት፣ ለዚህ ሁሉ አሥር ደቂቃ ይበቃ ነበር። ወደ 64 ቢት ለመቀየር ግማሽ ቀን ያስፈልጋል፤ እሱን ቅዳሜ መጥቼ በነጻ እሠራላችሁ ነበር፣ ቃል አስፈረማችሁኝ እንጂ።

ሁለት ጥያቄ ብቻ አለኝ። አንደኛ፣ «ለማጣራት» ተብሎ የተወሰደው ራም ይመለስልኝ። ለደንበኛዬ ከኪሴ ሌላ ገዝቼ ተክቼለታለሁ፣ ስለዚህ አሁን የኔ ነው። መፍቻውንም እንዳትረሱት።

ሁለተኛ፣ በመስኮት ቁጥር አራት ከተከፈቱት አርባ አንድ ታቦች ሦስቱ የኔ ናቸው። እኔ እንዳልነካ ፈርሜያለሁ፤ እናንተ እንድትዘጓቸው ግን በዚህ ደብዳቤ ፈቃዴን ሰጥቻለሁ። የቀሩትን ሠላሳ ስምንት በተመለከተ ባለቤቶቻቸው በረንዳው ላይ ተሰልፈዋል፣ ወጥታችሁ ጠይቋቸው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመስኮት ቁጥር አራት
ለጥበቃው፣ ዳቦውን ለልጄ መልሶ ስለሰጠልኝ